ቃለ ጉባኤ ላይ የማይሰፍረው ፊት

ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የስብሰባ ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ከጻፍኳቸው ቃለ ጉባኤዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ አለ፤ በአምስተኛው ተራ ቁጥር ላይ «መዝገብ ቤቱ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ወሩ ግንቦት ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ምድር ቤቱን ውኃ ገባበት፤ በታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ፋይሎች እርስ በርሳቸው ተጣበቁ፤ ፀሐይ በሌለበት ክረምት የምናደርቅበት ስላጣን በኮሪደሩ ላይ ገመድ ወጥረን ደብዳቤውን እንደ ልብስ አሰጣነው።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሕንፃውን ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው እንደገና አጣፉት፣ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ፣ ዝም አሉ። ከጎርፉ በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ወረቀት ስለይ «እትዬ፣ ውኃ እንደሚገባ እያወቁ ለምን አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማን ጠየቀኝ ልጄ? እሳቸው እኮ ወስነው ነው የመጡት። ደግሞስ አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አላየኸኝም?» አሉኝ።

አይቻቸው ነበር። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የተናገረን ሰው ይመዘግባል እንጂ ነጠላውን ያስተካከለን ሰው አይመዘግብም።

ኋላ ላይ የሠራተኞች ሥልጠና ሥራ ሲሰጠኝና «የተግባቦት ክህሎት» የሚል ርእስ ሲደርሰኝ፣ ከየቦታው ያሰባሰብኳቸው የሥልጠና ጽሑፎች በሙሉ ስለ ተናጋሪው እንደሚያወሩ አስተዋልኩ። እንዴት በግልጽ እንደሚናገር፣ እንዴት ሪፖርት እንደሚያቀርብ፣ እንዴት እጁን እንደሚያንቀሳቅስ ያትታሉ። ስለ ሰሚው የሚሉት «በጥሞና ያዳምጡ» ከሚል ምክር ብዙም አያልፍም። ወደ ፊልም የመራኝ ይህ ጉድለት ነው። ጥሩ የፊልም ዳይሬክተር አንድ ሰው ሲናገር ካሜራውን ዘወትር በተናጋሪው አፍ ላይ አይተክልም፤ ደጋግሞ ወደሚያዳምጠው ሰው ፊት ያዞረዋል። ነገሩ ምን ትርጉም እንዳገኘ የምንረዳው ከዚያ ፊት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የጎደለን ይህ ወደ ሰሚው የሚዞር ዓይን ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በፕሮጀክተር የምናያቸውን ቅንጭቦች ስመርጥም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ያሳየሁት እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውንና ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀውን «12ቱ የተቆጡ ሰዎች» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። ድርሰቱ የሬጂናልድ ሮዝ ሲሆን ከፊልሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ለቴሌቪዥን ተሠርቶ ነበር። አባቱን በስለት ገድሏል የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ተከስሶ፣ ጁሪ ተብለው ከሕዝብ የተውጣጡ 12 ሰዎች በአንዲት የምትወብቅ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ይመክራሉ። ውሳኔያቸው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት፤ «ጥፋተኛ ነው» ካሉ ልጁን ሞት ይጠብቀዋል። 96 ደቂቃ የሚረዝመው ፊልም ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከዚያች ክፍል አይወጣም። ከእኛ መሰብሰቢያ አዳራሽ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ቆሎና የታሸገ ውኃ ብቻ ነው።

ይህን ፊልም ለሥልጠና የሚጠቀሙበት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ሄንሪ ፎንዳ በሚጫወተው በስምንተኛው ሰው ላይ ነው፤ ብቻውን ቆሞ ሌሎቹን አሥራ አንድ ስለሚያሳምን የማሳመን ጥበብ አርአያ ያደርጉታል። እኔ ግን ተሳታፊዎቹ እርሱ ገና ሳይናገር በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ደጋግመው እንዲያዩ አደርጋለሁ። ሰብሳቢው «ጥፋተኛ ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ» ይላል። አንዳንዶቹ እጆች ወዲያው ብድግ ይላሉ። ሌሎቹ ግን ግራ ቀኙን እያዩ፣ ጎረቤታቸው ማንሣቱን እያረጋገጡ፣ በዝግታ ይወጣሉ። ሰብሳቢው ይቆጥራል፤ 11 ለ1። ለእርሱ ፈጥኖ የተነሣውም ዘግይቶ የተነሣውም እጅ እኩል አንድ አንድ ነው። እኔም ብሆን ቃለ ጉባኤው ላይ «በ11 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስንከተል፣ ቀድመው ሐሳባቸውን የሚቀይሩት በዚያ ቆጠራ እጃቸው የዘገየባቸው ሰዎች ሆነው እናገኛቸዋለን። ድምፅ በምስጢር በወረቀት ሲሰጥ መጀመሪያ የሚያፈነግጡት ሽማግሌው ዘጠነኛው ሰው ናቸው። እርሳቸውን በድሃ ሰፈር ያደገው ወጣት፣ ከዚያም ከውጭ አገር የመጣው ሰዓት ሠሪ፣ ቀጥሎም ድምፁ የማይሰማው የባንክ ሠራተኛ ይከተሏቸዋል። ስምንተኛው ሰው ከባዶ ተነሥቶ ያሳመናቸው አይመስለኝም። ጥርጣሬው በክፍሉ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ፤ እርሱ ያደረገው መናገሪያ ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። በእኛ ስብሰባ ሰብሳቢው የእትዬን ነጠላ አይተው «እስኪ እርስዎ ስለ ምድር ቤቱ ምን ያውቃሉ?» ቢሉ ኖሮ ማንም ማንንም ማሳመን ባላስፈለገው ነበር።

ሉሜት ራሱ እንደ ተናገረው፣ የፊልሙን የመጀመሪያ ሲሶ ከዓይን ከፍታ በላይ፣ መካከለኛውን በዓይን ከፍታ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከዓይን ከፍታ በታች አድርጎ ቀርጾታል፤ ሌንሱንም እያደር ስለሚያስረዝመው ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የቀረበ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው ሳይቀር ይታያል። ይህን የማነሣው የካሜራ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። ተሳታፊዎቹን «ክፍሉ የጠበበባችሁ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ ነገር እንደ ተሰማቸው ይናገራሉ፤ ምክንያቱን ግን አያውቁትም። ስብሰባም እንደዚያው ነው። አጀንዳው ሳይለወጥ አየሩ ይለወጣል፣ ሁላችንም ይሰማናል፣ ማናችንም ስም አንሰጠውም።

ቅንጭቡን መጀመሪያ የማሳየው ድምፁን ዘግቼ ነው። ይህን ዘዴ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ አንድ ቀን ድምፅ ማጉያው እምቢ ብሎ ጥገና እስኪመጣ ድረስ ምስሉን ብቻ ስናይ ቆየን፤ የዚያን ቀን ውይይት ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ በለጠ። ሰዎች ቃል ሲነፈጋቸው ማን ወደ ማን እንደሚያይ፣ ማን ከጠረጴዛው እንደ ራቀ፣ የማን ንግግር ሲጀመር ወረቀት ማገላበጥ እንደሚበዛ ማየት ይጀምራሉ። እኛ ጆሯችን ለሰምና ወርቅ የሠለጠነ ሕዝብ ነን፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ለመጠርጠር አንዘገይም። ለዓይን ግን ያንን ያህል ሥልጠና የለንም፤ እንዲያውም ታላቅን ሰው ትኩር ብሎ ማየት ነውር እንደሆነ ተነግሮን ስላደግን በስብሰባ ላይ አብዛኞቻችን የምናየው የገዛ ማስታወሻ ደብተራችንን ነው። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ የሰው ፊት ትኩር ብሎ ማየት ነውር አይደለም። የፊልም ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው የቋንቋችን ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ትዕይንቱን በአማርኛ ራሳቸው እንዲጫወቱት ለስድስት ባልደረቦቼ ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ መጠሪያ ስላለው ፊልሙ ውስጥ የማይነሣ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተነሣ፤ ስምንተኛው ሰው ሽማግሌውን «እርስዎ» ይበላቸው፣ ቁጡው ሦስተኛው ሰው ወጣቱን «አንተ» ይበለው ወይስ ሁሉም እንደ ስብሰባ ወግ ይከባበሩ? ሳይነጋገሩበት መጫወት ጀመሩ። ሦስተኛውን ሰው የሚጫወተው ባልደረባችን በክርክሩ መካከል «እርስዎ የሚሉት» ሲል ቆይቶ በድንገት «አንተ ምን አግብቶህ!» አለ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ማንም ዘለፋ አልሰማም፤ የሰማነው ከአንቱታ ወደ አንተ የወረደች አንዲት እርከን ብቻ ነበረች። የፊልሙ ሰዎች ሊጣሉ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ እኛ ግሡን መለወጥ ይበቃናል። ደግሞም በፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ስም እንኳ ስለሌላቸው አቶ፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር የሚባል ነገር የለም። እኛ ዘንድ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከስም በፊት የሚመጣው ቃል ነው።

ሁለተኛው የማሳየው ፊልም የጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» ነው፤ ትርጉሙ «መኖር» ማለት ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዋናው ሰው ዋታናቤ በማዘጋጃ ቤት ለ30 ዓመት ያህል ማኅተም ሲመታ የኖረ የአንድ ክፍል ኃላፊ፣ የሆድ ካንሰር እንደ ያዘው የሚረዳ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የአንድ ሰፈር እናቶች የቆሸሸ ውኃ የተጠራቀመበት ቦታ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆንላቸው ለመጠየቅ ይመጣሉ። ይህ የእኛ ሳይሆን የእገሌ ክፍል ነው ይባላሉ። እዚያ ሲሄዱ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ይላካሉ፤ ዞረው ዞረው ምክትል ከንቲባው ዘንድ ሲደርሱ በትሕትና ተቀብሏቸው መጀመሪያ ወደ ጀመሩበት ክፍል ይመልሳቸዋል። ይህን ሲያዩ ያልሳቀ ሠራተኛ እስካሁን አልገጠመኝም። «ነገ ተመለሱ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ይህ ወደ እኛ አልተመራም» የሚሉት ሐረጎች በጃፓንኛም ያው ናቸው።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ በዚህ ትዕይንት የሰሚዎቹ ፊት የታለ? ኩሮሳዋ እያንዳንዱን ጸሐፊ ፊት ለፊት ቀርጾ ወደ እኛ እንዲናገር አድርጎታል፤ እናቶቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ያለነው እኛ ነን። ሉሜት ሰሚውን ሲያሳየን ኩሮሳዋ ሰሚ አደረገን። ልዩነቱን ከሁሉ በፊት የተናገረችው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን ናት፤ «ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ቆሜ አላውቅም ነበር» አለች።

የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ግን ለመሥሪያ ቤት ሰው ከዚህም የከበደ ነው። ዋታናቤ ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል፤ ቀሪው ጊዜ የሚያልፈው በለቅሶው ቤት ነው። ምክትል ከንቲባው የመናፈሻውን መሠራት ለራሱና ለሹማምንቱ ሲያደርገው ባለሥልጣኖቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማማሉ። ያኔ የሰፈሩ እናቶች ገብተው፣ አንድም ክርክር ሳይናገሩ፣ ከሟቹ ፎቶግራፍ ፊት ዕጣን እያጨሱ ያለቅሳሉ። ካሜራው ወደ ሹማምንቱ ይዞራል፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። ምክትል ከንቲባው ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ይሄዳል። የበታቾቹ ወሬ የሚጀምረው እርሱ ከሄደ በኋላ፣ መጠጡም ሞቅ ሲያደርጋቸው ነው፤ መናፈሻውን የሠራው ዋታናቤ እንደሆነ ቀስ በቀስ ያምናሉ፣ ከነገ ጀምሮ እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይማማላሉ። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ አዲሱ ኃላፊ ባለጉዳይን ወደ ሌላ ክፍል ሲመራ አንድ ሠራተኛ ተቆጥቶ ብድግ ይላል። ሌሎቹ ቀና ብለው ያዩታል። እርሱም መልሶ ይቀመጣል፤ ከፊቱ የተከመረው ወረቀት ይሸፍነዋል።

የዚህን ትዕይንት መጨረሻ ካሳየሁ በኋላ መብራቱን ቶሎ አላበራም።

ፊልም ግን ይዋሻል፤ ይህን ሳይናገሩ ለሥልጠና መጠቀም ተገቢ አይመስለኝም። ብዙ ሰው የቀውስ ጊዜ ተግባቦትን ለማስተማር የሚመርጠው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን፣ ወደ ጨረቃ ሲጓዙ መንኮራኩራቸው ስለ ተበላሸባቸው ጠፈርተኞች የሚተርከውን «አፖሎ 13» የተባለ ፊልም ነው፤ እኔም አሳየዋለሁ፤ በተለይ መሐንዲሶቹ በመንኮራኩሯ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው አራት ማዕዘኑን የአየር ማጣሪያ ከክቡ ጋር የሚያገጥሙበትን ክፍል እወደዋለሁ። ነገር ግን በሚያዝያ 1970 እ.ኤ.አ. ጠፈርተኞቹ ሂውስተን ላለው የምድር መቆጣጠሪያ የተናገሩት በፊልሙ እንደምንሰማው «ችግር አለብን» ሳይሆን «ችግር ገጥሞን ነበር» የሚል ዓይነት በኃላፊ ጊዜ የተነገረ፣ የረጋ ቃል ነበር። በጠፈርተኞቹ መካከል የሚታየው ጭቅጭቅም ለፊልሙ የተፈጠረ ነው፤ «ውድቀት አማራጭ አይደለም» የሚለውን ዝነኛ አባባልም ለበረራ ኃላፊው የሰጡት ደራሲዎቹ ናቸው። ፊልም ግጭት ከሌለው ስለማይታይ ግጭት ይጨምራል። እውነተኛው ተግባቦት ግን ቀዝቃዛና አሰልቺ ነበር፤ ያዳናቸውም አሰልቺነቱ ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ በተራ በሥራ መደቡ ተጠርቶ «ቀጥል» ወይም «አትቀጥል» እንዲል የሚያስገድደው ልማድ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የሚደነቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያ ሥርዓት ዝም ማለት መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ውሸት አንድ ጀግና ከተናገረ ነገሩ ይስተካከላል የሚለው ነው። ይህን የማፈርሰው በፊልም ሳይሆን በታሪክ ነው። ጥር 27 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ማታ፣ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከመምጠቋ በፊት በነበረው ምሽት፣ የሮኬቱን ክፍሎች የሠራው የሞርተን ታያኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የማሸጊያ ቀለበቶቹን ግትር እንደሚያደርጋቸው አስረድተው መነሣቱ እንዲዘገይ ጠየቁ። ሮጀር ቦዦሌን የመሳሰሉት መሐንዲሶች ዝም አላሉም፤ በሥዕልና በቁጥር ተከራከሩ። ስብሰባው ግን በስልክ ነበር፤ ዩታ ያለው ኩባንያና አላባማና ፍሎሪዳ ያሉት የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) ኃላፊዎች በድምፅ ብቻ ተገናኝተዋል። ኩባንያው «ጥቂት ደቂቃ ስጡን» ብሎ መስመሩን ዘግቶ ለብቻው ግማሽ ሰዓት ያህል ተማከረ። በዚያ መካከል ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ አንዱ ለምሕንድስና ኃላፊው «የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቀህ የአስተዳዳሪ ባርኔጣህን ድፋ» የሚል መልእክት ያለው ቃል ተናገረው። መስመሩ ሲከፈት የተሰማው የኃላፊዎቹ ስምምነት ብቻ ነው። ሌላ አስተያየት ያለው እንዳለ ሲጠየቅም ከሽቦው ማዶ ድምፅ አልመጣም። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ በውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎች አለቁ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የመሐንዲሶቹ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ፍሎሪዳ ያሉት ሰዎች ማየት አይችሉም ነበር። ይህን ታሪክ የምተርከው ዛሬ ብዙው ስብሰባችን ካሜራው ተዘግቶ በኢንተርኔት ስለሚካሄድና ሰብሳቢው «ሁላችሁም ተስማምታችኋል አይደል?» ብሎ ጥቁር ሣጥኖችን ስለሚጠይቅ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከነዚህ ዓርቦች በአንዱ ማግሥት አዲሷ የስብሰባ ጸሐፊ ወደ እኔ መጥታ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር ወይ አለችኝ፤ «ያልተናገሩ» የሚል። ለአንድ ስብሰባ ሞከረችው። በዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ ስም ሰፈረ፤ ከተሰብሳቢው ግማሽ በላይ። ኃላፊያችን አንብበው ፈገግ አሉና «ይሄ ሰው መክሰስ ይመስላል፤ ይውጣ» አሉ። ዓምዱ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ግን «ተቃውሞ ያለው?» ብለው ከጠየቁ በኋላ እንደ ወትሮው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አላለፉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጠረጴዛው ዙሪያ ያለነውን አንድ በአንድ አዩን። ጸሐፊዋ ዝርዝሩን አሁንም ትይዛለች፤ የምትጽፈው ግን በራሷ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ነው።